ስድሳ ሰዓት የተጻፈበት ሲዲ

«አለቀ» አለች ሚጣ።

ወንድሟ ቀጮ የበሩን እጀታ እንደያዘ ቆመ። ቴሌቪዥኑ ላይ ነጫጭ ስሞች ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ። ሰዎችን በጀልባ ወንዝ የሚያሻግሩበትን ጌም የሠሩት ሰዎች ስም ነው። ከስሞቹ ጀርባ ጥቁር ብቻ ነው።

«ምኑ ነው ያለቀው?»

«ጌሙ ነዋ። አንተ ሳትኖር ከምሳ በኋላ ሁለት ሰዓት ተጫወትኩ። ጨረስኩት።» ጆይስቲኩን ሆዷ ላይ አስቀመጠች። ቀኝ እግሯ ከጭኗ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በጀሶ ታስሮ ሁለት ትራስ ላይ ተጋድሟል። «መጨረሻውን ልንገርህ? ጀልባዋ...»

«እንዳትነግሪኝ።» ሁለቱንም ጆሮውን ያዘ።

ሚጣ ሳቀች። የሚቀልድ መስሏት ነበር። ፊቱን ስታይ ሳቋን ዋጠች።

ቀጮ የሲዲውን ሽፋን ከአልጋው ጠርዝ ላይ አነሳ። ጥጉ ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል። በሰማያዊ እስክሪብቶ «60 ሰዓት» ይላል። የገዛው ትናንት ነው። ትናንት አብረው ሁለት ሰዓት ተጫወቱ። ዛሬ ከምሳ በኋላ እሷ ብቻዋን ሁለት ሰዓት ጨመረች። አራት ሰዓት። ሽፋኑን ገልብጦ አየው። ጀርባው ላይ ሌላ ቁጥር የለም።

ትናንት ሱቅ ውስጥ ቆሞ ሲያሰላ ነገሩ ልክ ነበር። ሐኪሙ ሚጣ ሁለት ወር ትተኛለች ብሏል። ሁለት ወር ስድሳ ቀን ነው። በቀን አንድ ሰዓት ብትጫወት ሲዲው የሚያልቀው ጀሶው የሚፈታ ዕለት ነው። ዋጋውን ለስድሳ ቢያካፍለው የአንዱ ሰዓት ዋጋ ከአንድ ዳቦ አይበልጥም። ውድ አይደለም አለ ለራሱ፤ ከፈለ። አሁን ያንኑ ዋጋ ለአራት አካፈለው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ገንዘቡ የእሱ አልነበረም። የማጠቃለያ ፈተና መመዝገቢያ ነው። አባታቸው ብረት በያጅ ነው። ሰኞ ዕለት ገንዘቡን ሲሰጠው «ደረሰኙን አምጣልኝ» ብሎታል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን ደረሰኝ ሁሉ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጣል። ደረሰኝ ሲቀበል መጀመሪያ እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል፤ ወረቀቱ እንዳይቆሽሽ።

ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ቀጮ ቅዳሜና እሁድ መኪና እያጠበ ሊተካው ነበር ያሰበው። ዛሬ ጠዋት ግን ርዕሰ መምህሩ ድምፅ ማጉያውን ይዞ ወጣ። ቀኑ ስለተቀየረ ምዝገባው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል አለ። ያልተመዘገበ አይፈተንም። ያልተፈተነ ክፍሉን ይደግማል። «ጥያቄ ያለው?» አለ። ማንም እጁን አላወጣም። ቀጮ የቀሩትን ክፍለ ጊዜያት እንዴት እንዳሳለፋቸው አያውቅም። ደወሉ ሲደወል ወደ ቤት የሮጠው ጌሙ ሳያልቅ ሲዲውን ሊመልስ ነበር።

«ከጓደኛዬ ተዋስኩት አላልከኝም?» አለች ሚጣ ነገሩን ሲነግራት።

«ዋሸሁሽ።»

«የአባዬ ገንዘብ ነው?»

«የመመዝገቢያው።»

ሚጣ ጣሪያውን አየች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ስታስብ ግን እንደ አሮጊት ከንፈሯን ትመጣለች። «አንተ ቂል ነህ» አለች። «እኔ መች ጌም አምጣልኝ አልኩህ?»

አላለችም። ኳሱን ከአጥሩ ላይ አውርጂልኝ ያላት እሱ ነው። ካወረደች በኋላ መውረድ ስትፈራ እጁን ዘርግቶ «ዝለይ፤ እይዝሻለሁ» ያላትም እሱ ነው። ዘለለች። አልያዛትም። አባታቸው ያን ቀን አልመታውም፤ አልጮኸበትምም። ከሆስፒታል ሲመለሱ በሩ ላይ ቆሞ «እኔ አንተን አምኜ ነው ከቤት የምወጣው» ብቻ አለው። ቢመታው ይሻል ነበር።

«ሲዲ ሻጩ ገንዘቡን ይመልሳል?» አለች ሚጣ።

«መጨረሻውን ላላየ ሙሉውን። ላየ ግማሹን።»

«በምን ያውቃል?»

«ይጠይቃል። ከዚያ ፊትህን ያያል።»

ጆይስቲኩን አንስታ በእጇ አገላበጠችው። «መጨረሻውን አንተ አላየህም። ያየሁት እኔ ነኝ። አላየሁም ብትል ውሸት አይሆንም።»

«እሱስ እውነት ነው።»

«በል ውሰደው። ካየሁት ወዲያ ምን ያደርግልኛል?» ሲዲውን ሲያወጣ እያየችው ነበር። «አሮጊቷ ብቻ...»

«አሮጊቷ ምን?»

«ምንም። ጀልባው ላይ ስትሳፈር ማውራት ጀምራ ነበር። እኔ ቶሎ ቶሎ ቀዘፍኩና አሻገርኳት። ሳልሰማት ቀረሁ።» ቀጥላ «ሂድ እንጂ» አለች። ጆይስቲኩን ግን ከእጇ አለቀቀችም።

ሲዲ ሻጩን ልጆቹ «ቆጣሪው» ይሉታል። አንድ ሲዲ ከመሸጡ በፊት ራሱ ይጫወተዋል። ስንት ሰዓት እንደፈጀበት ሽፋኑ ላይ ይጽፋል፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ ይቆርጣል። ረጅሙ ውድ ነው፤ አጭሩ ርካሽ። ሱቁ ጠባብ ነው። ቀጮ ሲገባ ሁለት ተማሪዎች ባንኮኒውን ተደግፈው ይከራከራሉ።

«ለአምስት ሰዓት ጌም ይህን ያህል? ሙድ እየያዙብን ነው» አለ ረጅሙ።

«ፋራ። የኳሱን ውሰዳ። እሱ ማለቂያ የለውም» አለ ሌላው።

«ማለቂያ የሌለው የሒሳብ ክፍለ ጊዜም አለ። ለሱ ልክፈል?»

«ወይ ግዙ ወይ በሩን ልቀቁ» አለ ቆጣሪው። መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያሰረ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ከቀጮ እጅ ሲዲውን ተቀበለ።

«መመለስ ፈልጌ ነው ጋሼ።»

«የጀልባው ነው። ምነው?»

«አልተመቸኝም።»

ቆጣሪው መነጽሩን ዓይኑ ላይ አደረገ። «ጀልባዋ መጨረሻ ላይ የት ትቀራለች?»

«አላውቅም።»

ሰውየው ብዙ አየው። ቀጮም ዓይኑን አላሸሸም፤ እውነቱን ነበር። ቆጣሪው መሳቢያውን ሳበ። ገንዘቡን ቆጥሮ ባንኮኒው ላይ አኖረ። መዳፉን ግን ከላዩ አላነሳም።

«አሮጊቷ ጋ ደርሰህ ነበር?»

«አልደረስኩም።»

«እሷ ጋ ነው ጊዜው የሚሄደው። ሌላው ሰው መቅዘፊያውን ይዞ ይሮጣል። እኔ ወንዙ መሃል ላይ አቆምኩ። ካቆምክላት ታወራለች። ስለ ቤቷ፣ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ጎረቤቷ ዶሮ። መቅዘፍ ስትጀምር ዝም ትላለች።» መነጽሩን አወለቀ። «ያኔ እናቴን ከቀበርኩ ወር አልሞላም ነበር። ቤት ውስጥ የሚያወራ ሰው አልነበረም።»

ቀጮ ሽፋኑ ላይ ያለውን ወረቀት አየ። «እንግዲያ ስድሳው ሰዓት...»

«የእኔ ነው። በሌላው ሰው ስንት እንደሚፈጅ እኔ በምን አውቃለሁ?»

ታዲያ ለምን በእርሱ ያስከፍላሉ ሊለው ነበር። ምላሱ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ሰውየው የዋሸ አይመስልም። ያጠፋ እንኳ አይመስልም።

«ለራስህ ነበር የገዛኸው?»

«ለእህቴ። እግሯ ተሰብሮ ተኝታለች።»

«አሃ። እሷስ? መጨረሻውን አይታዋለች?»

ከመዳፉ ሥር የገንዘቡ ጫፍ ወጥቶ ይታያል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥር ከአሥር ይላል። ከዚህ ትምህርት ቤቱ በሩጫ ሩብ ሰዓት ነው። አላየችም ቢል ይደርሳል። ይመዘገባል፤ ደረሰኙ ወደ ቆርቆሮው ይገባል፤ ማንም ምንም አያውቅም። ቃሉ አፉ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ያኔ አጥሩ ሥርም እንዲሁ ነው፤ አፉ እጁን ቀድሞ ነው «እይዝሻለሁ» ያለው።

«አይታዋለች» አለ። «ዛሬ ከሰዓት።»

ቆጣሪው ራሱን ነቀነቀ። አልተቆጣም፤ ጎበዝም አላለውም። ከገንዘቡ ግማሹን ወደ መሳቢያው መለሰ። የቀረውን ወደ ቀጮ ገፋ። ከዚያ እስክሪብቶውን አነሳ።

«በስንት ሰዓት ጨረሰችው?»

«በአራት።»

ከስድሳው ሥር «4» ብሎ ጻፈ። ስድሳውን አልሰረዘውም።

«ዋጋው በየትኛው ይሆናል?» አለ ቀጮ።

«እሱን እንጃ» አለ ቆጣሪው፤ ሲዲውን ወደ መደርደሪያው ሳይመልስ በእጁ እንደያዘ ቀረ።

ውጭ ፀሐዩ ግንባር ይበሳል። ቀጮ ጥቂት ተራመደና ሳይታወቀው መሮጥ ጀመረ። የሚሮጠው ወደ ትምህርት ቤቱ አልነበረም። በግማሽ ገንዘብ ግማሽ ተፈታኝ አይመዘገብም። የሚሮጠው አባቱ ወደሚሠራበት ወደ ብረታ ብረት ግቢ ነው። ምን እንደሚል ግን አያውቅም።

ወደቀብኝ ቢል፣ ገንዘብ ግማሹ ብቻ አይወድቅም። ሰረቁኝ ቢል፣ ግማሹን ትቶ የሚሄድ ሌባ የለም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሊያስቅ የሚችል ነገር ነበር፤ እሱን ግን አላሳቀውም። ግማሹን ከደበቀ ግን ሙሉው ተሰረቀ ማለት ይችላል። ኪሱን የተዘረፈ ልጅ አባቱ አይቆጣውም። ያዝንለታል። ከአለቃው ለምኖም ቢሆን ገንዘቡን ይሰጠዋል፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይደርሳሉ። ከዚያ አባቱ ለሦስት ቅዳሜ ትርፍ ሰዓት ይሠራል። ዓይኖቹ በብየዳው ብርሃን ቀልተው እያነቡ ይገባል፤ ሚጣ ድንች ቆርጣ ዓይኑ ላይ ታደርግለታለች፤ እሱም ቀጮን «አይዞህ፣ ሌባ የማያጋጥመው የለም» ይለዋል።

አንድ የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለ። የጫማውን ክር ፈትቶ ገንዘቡን ካልሲው ውስጥ ከተተ። መልሶ አሰረና ተነሣ። በየእርምጃው ተረከዙን ይቆረቁረው ጀመር።

ግቢው በር ላይ የጋለ ብረት ሽታ ተቀበለው። አባቱ አንድ ትልቅ የብረት በር ፊት ተንበርክኮ ይበይዳል። ፊቱ በጥቁሩ መከላከያ ተሸፍኗል። ብልጭታው ሲሚንቶው ላይ እየተበተነ ይጠፋል። አጠገቡ አንድ ሠራተኛ የያዘው የብረት መፍጫ ይጮኻል። ልጁን ሲያይ ብየዳውን አቋርጦ መከላከያውን ወደ ላይ ገፋው።

«ዓይንህን አዙር አላልኩህም ስበይድ?» አለ። ወዲያው ፊቱ ተለወጠ። «ሚጣ ምን ሆነች?»

«ደህና ናት።»

«እውነት?»

«ደህና ናት አባዬ። ተኝታለች።»

አባቱ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ከዚያ የቀጮን የትምህርት ቤት ልብስ፣ ላቡንና ትንፋሹን ተመለከተና ፈገግ አለ። ከሚጣ መውደቅ ወዲህ ለቀጮ ሲስቅ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ገባኝ። ደረሰኙን ልታሳየኝ ነው። እስከ ማታ አልጠብቅም አልክ።» ወደ ኋላ ዞሮ «ይህን ልጅ እዩልኝ፣ ማንም ሳያሯሩጠው» አለ። የሚፈጨው ሰው አልሰማውም።

አባቱ የቆዳ ጓንቱን አወለቀ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። አየው። አልወደደውም፤ የሸሚዙን ጫፍ ከውስጥ ስቦ ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረጋቸው። ከዚያ ዘረጋው።

ቀጮ ያን እጅ አየ። ጎንበስ አለና የጫማውን ክር ይፈታ ጀመር።

«ምን ሆነሃል? ጠጠር ገባብህ?»

«ደረሰኝ አይደለም አባዬ» አለ ቀና ሳይል። ገንዘቡን ከካልሲው አውጥቶ በተጠረገው እጅ ላይ አስቀመጠ። ላብ አርሶታል፤ ተጨማዷል። «ግማሽ ነው። የጠፋም የተሰረቀም የለም።»

አባቱ ገንዘቡን አየ፤ ልጁን አየ። ፈገግታው ቀስ ብሎ ከፊቱ ሄደ። የግቢው ሰዓት አሥር ተኩል አልፎ ነበር። መፍጫው ላይ ወዳለው ሰው ዞሮ እጁን አነሣ፤ መፍጫው ቆመ። ከዚያ የራሱን ማሽን አጠፋ። ተገልብጦ የተቀመጠ ጣሳ ነበር፤ እላዩ ላይ ተቀመጠ።

«እሺ» አለ።

ቀጮ አንድ እግሩ ባዶውን እንደሆነ ቆሞ ነገሩን አጥሩ ላይ ከቀረው ኳስ ጀመረ።