ትሕትና «አለን» ያለች ቀን

ትሕትና ባዶ እግሯን መሆኗን ያወቀችው ግቢው መሃል ስትደርስ ነው። በእጇ የአባቷን የውሃ ኩባያ ይዛለች። ውሃው ደረጃው ላይ ተደፍቶ አልቋል።

መሬቱ መንቀጥቀጡን አቁሟል። ከብሎኩ የወረደው ሰው ሁሉ ልብስ ማስጫው ጋ ተከማችቷል። አንዱ ፀጉሩ ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ ነው። ሌላዋ ልጇን በአንድ እጇ አቅፋ በሌላው የቴሌቪዥን ሪሞት ጨብጣለች። ሁለት ሴቶች በኢየሱስ ስም እያሉ ጮክ ብለው ይጸልያሉ፤ አጠገባቸው የክፍል ጓደኛዋ የቀመሪያ እናት ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ዱዓ ያደርጋሉ። ሁሉም ስልክ ይሞክራል፤ ለማንም አይጠራም።

አባቷ ጌቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሃያ ዓመት የሰው ጣሪያ በጀሶ ሲያሳምር ኖሮ ባለፈው ወር ከመሰላል ወደቀ፤ አሁን የራሱ እግር እስከ ጭኑ በጀሶ ታስሯል። ውሃ እንድታመጣለት ጠይቋት ነበር። ከኩሽና ስትመለስ ቁም ሳጥኑ ግድግዳውን መደብደብ፣ አምፖሉ መወዛወዝ ጀመረ። ከዚያ በኋላ የምታስታውሰው ደረጃውን ነው። አንድ ነገር ግን ሰምታለች። «ትሕቱ!» ብሎ ጠርቷታል። አልዞረችም።

የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ ሞልቱ መዝገባቸውን ከጥበቃ ቤቱ ይዘው መጡ። ማን እንደወጣ፣ ማን እንደቀረ ማወቅ አለብን ብለው፣ ልክ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ እንደሚያደርጉት ስም መጥራት ጀመሩ። አባቷ ሥራ በሚውልባቸው ቀናት ድንኳን ሄዳ ስሙ ሲጠራ የምትመልሰው ትሕትና ነበረች።

«ጌቱ ቤት?»

«አለን» አለች።

አፏ ቀደማት። ጋሽ ሞልቱ ምልክት አድርገው ወደሚቀጥለው ቤት አለፉ። ያኔ መናገር ትችል ነበር። ግን ምን ብላ? አንድ ስም አለፈ፣ ሁለት አለፈ፣ አምስት አለፈ።

ቀመሪያ መጥታ ክንዷን ያዘቻት። «አባትሽን ማን አወረደው?»

«እነ ኑረዲን።»

ቀመሪያ ዞር ብላ ኑረዲንን አየችው። የሦስተኛ ፎቁ ጎረምሳ ከሻወር በፎጣ ሮጦ ወጥቶ፣ ፎጣውን በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሟል።

«እየፎገርሽኝ ነው? ሱሪውን እንኳን ከፎቅ ያላወረደ ሰው ነው አባትሽን ያወረደው?»

ትሕትና ባዶውን ኩባያ አየች። ቀመሪያም ሳቋን ዋጠችው።

ጋሽ ሞልቱ መዝገቡን ዘጉ። ተመስገን፣ ሁሉም ወጥቷል አሉ። መንቀጥቀጡ ሊደገም ስለሚችል ማንም ወደ ላይ እንዳይወጣ ብለው ደረጃው በር ላይ ወንበር አስቀምጠው ተቀመጡ። ሰው ተነፈሰ። አንዳንዱ መሳቅ ጀመረ፤ ሳሙና የተቀባው ሰውዬ ውሃ ተፈለገለት።

ትሕትና ወንበሩን አየች። ጫማዬን ላምጣ ብላ ብታልፍ ማንም ምንም አያውቅም። ግን ወጥታስ? አባቷን እንኳን አራት ፎቅ፣ ከአልጋ ወደ መጸዳጃ ቤት ለማድረስ እናቷ ታስፈልጋታለች።

ያን ጊዜ መሬቱ እንደገና ተንቀሳቀሰ። ቀላል ነበር፤ የልብስ ማስጫው ሽቦ ብቻ ተርገበገበ። ሰው ጮኸ። ከላይ፣ ከየትኛው ቤት እንደሆነ አይታወቅም፣ ብርጭቆ ሲከሰከስ ተሰማ።

ትሕትና ወንበሩ ጋ ሄደች።

«ጋሽ ሞልቱ፣ አባቴ ላይ ነው።»

«አለን ብለሽ የለም እንዴ?»

«ዋሽቼ ነው። ጥዬው ነው የወጣሁት።»

ሽማግሌው አልተቆጧትም። ቆጣ ቢሉ ይሻላት ነበር። ተነስተው ወጣቶቹን ጠሩና የእድሩን ዕቃ ቤት ከፍተው ቃሬዛውን አስወጡ። አንዲት ሴት፣ አስከሬን የሚወጣበትን ለሕያው ሰው እንዴት ብላ አጉረመረመች። «ሌላ ካለሽ አምጪ» አሏት ጋሽ ሞልቱ። ኑረዲን ፎጣውን አጥብቆ ቋጠረና ከሦስት ልጆች ጋር ወደ ላይ ሮጠ።

ትሕትና ዓይኗን ከበሩ አልነቀለችም። ቀመሪያ ክንዷን አልለቀቀችም። አንድ ሰው ስንት ደቂቃ እንደሆነ ጠየቀ።

መጀመሪያ የኑረዲን ጀርባ ታየ፣ ከዚያ ጀሶው። አባቷን ያገኙት የቤታቸው በር ሥር ነው፤ ከአልጋው ወርዶ በክርኑ ሲሳብ። ፀጉሩ ላይ የኮርኒስ ብናኝ አለ። ግቢው መሃል ሲያስቀምጡት የተኛበትን ቃሬዛ ዳሰስ አድርጎ አየ።

«ምነው ቸኮላችሁ?» አላቸው።

ሰዉ ከልቡ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ግን ሹክሹክታው መጣ፤ ልጅቷ ትታው ነው አሉ የወጣችው። አባቷ ሰማ። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሰው ጥሪልኝ ብዬ የላክኋት እኔ ነኝ አለ። ሴቶቹ ጎበዝ ብለው ራሷን ደባበሷት። ጋሽ ሞልቱ መሬት መሬቱን አዩ።

እናቷ ሀና ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ከምትሠራበት ሱቅ፣ ታክሲ አጥታ፣ መካኒሳ ያለው ቤታቸው ድረስ ግማሽ መንገዱን በሩጫ ነው የመጣችው። ነጠላዋ የት እንደወደቀ አታውቅም። ባሏን ቃሬዛ ላይ ስታይ ሮጣ አጠገቡ ተንበረከከች። ደህና መሆኑን እስክታምን ፊቱን፣ ደረቱን፣ እግሩን ነካካችው።

«ይቺ ልጅሽ ባትኖር ኖሮ» ብሎ ጀመረ አባቷ። «ሰው ጥሪ ብዬ ብልካት፣ አራቱን ፎቅ…»

«እማዬ» አለች ትሕትና።

አባቷ እጇን ያዘ። ክርኑ ተልጧል፤ ጣቶቹ ላይ የጀሶ ሥራ ያነጣቸው ጥፍሮች አሉ። ጠበቅ አደረጋት፤ ተይው ማለቱ ነበር። እጇን አላስለቀቀችም።

«አባዬ አልላከኝም። ሲጠራኝ ሰምቼው ነበር።»