የኦቦ ቦሩ ቁስል

ለሊሴ ብርድ ልብሱን ስትገልጥ ክው አለች። ኦቦ ቦሩ ባታቸው ላይ ቁስል ወጥቷል። ትናንት ስታገላብጣቸው ገላቸው ንጹሕ ነበር።

ሽማግሌው እግራቸውም አንደበታቸውም ከተያዘ ቆይቷል። ማን ምን እንዳደረጋቸው መናገር አይችሉም።

የጎባው አረጋውያን መጦሪያ አስተባባሪ ጀሊል ወዲያው ፖሊስ ጠራ።

"ሳታገላብጣቸው ከርማ ነው" ሲል ለሊሴን ከሰሰ። "መኝታ ያመጣው ቁስል ነው።"

ኢንስፔክተር ደራራ አልጋው አጠገብ ቆመ። "ማታ ተረኛው ማን ነበር?"

"እኔ" አለ ጀሊል። "ቁስሉ ግን የቆየ ነው።"

ጽዳት ሠራተኛዋ አሰፋች "አይጥ ነክሷቸው ይሆን?" አለች። ደራራ የጥርስ ምልክት ፈለገ። የለም።

ለሊሴን ሊያስር ካቴናውን ሲያወጣ፣ ለሠራተኞቹ የቁስል እንክብካቤ ስልጠና የምትሰጠው ሲስተር ሃጂራ ከሮቤ ደረሰች። ቁስሉን አየችና ከንፈሯን ነከሰች። ገብቷታል።

"ሲስተር፣ እርስዎ ምን ይላሉ?"

"ያስተማርኳት እሷን ነው። ለሊሴን ጠይቃት።"

ለሊሴ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። "መኝታ የሚያመጣው ቁስል አጥንት ባለበት ነው የሚወጣው፤ ተረከዝ ላይ፣ ዳሌ ላይ። ባት ሥጋ ነው።" ድምፅዋ እየጠነከረ ሄደ። "ደግሞ ውኃ የቋጠረው ገና አልፈረጠም። ይሄ የማታ ቃጠሎ ነው። መስመር መስመር ያለው ነገር ነው ያቃጠላቸው።"

ደራራ ማድ ቤት ገባ። ጎኑ ሸንተረር ሸንተረር ያለው የዘይት ጀሪካን ይዞ ተመለሰ። ከቁስሉ አጠገብ አስጠጋው። መስመሮቹ ገጠሙ።

"ማታ ውኃ ያፈላ ማን ነው?"

ጀሊል ላቡን ጠረገ። "ብርድ ነበር... የፈላ ውኃ ሞልቼ ያስጠጋሁት ላሞቃቸው ብዬ ነው።"

"በጨርቅ ሳትጠቀልል?" አለች ሃጂራ። "እግራቸው ትኩስ እንደማይሰማው፣ ራቁቱን ጀሪካን እንዳታስጠጉ ብዬ አስተምሬ ነበር።"

"ስልጠናው ላይ እሱ አልነበረም" አለች አሰፋች። "አስተባባሪ ከተንከባካቢ ጋር ቁጭ ብሎ አይማርም ብሎ ቀረ።"

ጀሊል አንገቱን ደፋ። "ከሥራ እንዳልባረር ፈራሁ። እሷ ላይ ላከክኩት።"

ደራራ ካቴናውን ጀሊል እጅ ላይ አጠለቀ።

ለሊሴ አላየችም። እጇን በሳሙና እየታጠበች ነበር። ሃጂራ ልታግዛት ጓንት አነሳች።

"ይቀመጡ ሲስተር" አለች ለሊሴ። "እኛ እንሠራዋለን።"

ሃጂራ ጓንቱን መልሳ ተቀመጠች። ለሊሴ ቁስሉን በቀስታ ስታጥብ፣ አሰፋች ፋሻውን ስታቀብል አየች። አንድም ስሕተት አላገኘችም።

"አልሃምዱሊላህ" አለች ወደ ደራራ ዞራ። "የኔ ተማሪዎች ናቸው።"