ማንም የማያካፍለው ቁጥር

መምህሩ የሞተው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ፊቱን ወደ ጥቁር ሰሌዳው አዙሮ ነው። ውሃ በጠጣበት ብርጭቆ ውስጥ የአይጥ መርዝ ተገኘ። ሰሌዳው ላይ በጠመኔ የተጻፈ አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፦ 8317402917።

ሟች ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው አንድ ነው፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ማንም የማያካፍለውን ትልቅ ቁጥር ማደን። ሰው ሚዳቋ ያድናል፣ እሱ ቁጥር። ጎረቤት ሰላም ሲለው እንኳ የበሩን ቁጥር ለሰባት አካፍሎ ነበር የሚመልሰው።

መርማሪዋ ቀጭን ናት፣ ነገሯም ይወጋል፤ ስለዚህ «መርፌ» ይሏታል። አስቀድማ ያነጋገረችው የሟችን ታላቅ ወንድም፣ ግንበኛውን ነበር። ረፋድ ላይ ሊጠይቀው መጥቶ እንደነበር አልደበቀም።

«ደህና ነበር፣ እመቤቴ። እንዲያውም ዓይኔ እያየ ያንን ቁጥር ጻፈና ‹ይሄንን ማንም አያካፍለውም፤ አረጋግጫለሁ› አለኝ። ደስ ብሎት ነበር። ትቼው ወጣሁ።»

ከእሱ በኋላ ወደ ክፍሉ የገባችው የሟች ልጅ ብቻ ናት። ምሳ ይዤ ስገባ ሞቶ አገኘሁት ትላለች። ከአባቷ ጋር መኮራረፏን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሰፈር የማያውቀው የራሱን ጓዳ ብቻ ነው። ካቴናው ለእሷ ተዘጋጅቶ ነበር።

መርፌ ሰሌዳው ፊት ብዙ ቆመች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ የሟችን የድሮ ባልደረባ፣ ሌላውን የሒሳብ መምህር አስጠራች። እሱም ቁጥሩን አንዴ አየት አድርጎ፣ ይህ የጓደኛዬ ሥራ አይደለም አላት።

በማግስቱ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ጋሼ፣ ማንም አያካፍለውም ነው ያለዎት?» አለችው ግንበኛውን።

«በዚህ ጆሮዬ።»

ጠመኔ አንሥታ አሃዞቹን አንድ በአንድ ደመረች። አርባ ሁለት መጣ።

«የአሃዞቹ ድምር ለሦስት ከተካፈለ ቁጥሩም ይካፈላል። አርባ ሁለት ለሦስት አሥራ አራት ነው። ወንድምዎ ይህንን እንቅልፍ ላይ ሆኖም አይስተውም፤ እንኳን ‹አረጋግጫለሁ› ሊል። ስለዚህ እንደዚያ አላለም፤ ቁጥሩንም አልጻፈም። የጻፉት እርስዎ ነዎት፤ ሲወጡ በሕይወት ነበር እንዲባል። ከዚያ በኋላ የገባው ይጠየቅበታል።»

«አጎቴ፣» አለች ልጅቷ፣ «እኔንስ?»

ግንበኛው ወደ ሰሌዳው ዞረ።

«ለሁለት አይካፈልም። ለአምስትም አይካፈልም። እኔ የደረስኩት እስከዚያ ነው።»

«የሦስቱስ?»

«የሦስቱን ሲያስተምሩ ድንጋይ እሸከም ነበር። አባታችን ሲሞት አንዳችን መሥራት ነበረብን፤ እሱ ይማር አልኩ። ባለፈው እሁድ እንግዶች ፊት ‹የወንድሜ ጭንቅላት እንደሚጠርበው ድንጋይ ነው› ብሎ ሳቀ። እነሱም ሳቁ።»

ካቴናው ቀረበ። ግንበኛው ግን እጁን ከመስጠቱ በፊት ወደ ሒሳብ መምህሩ ዞሮ፣ እስቲ አካፍለህ አሳየኝ አለው።

መምህሩ በዝግታ፣ ለተማሪ እንደሚያሳይ፣ እስከ ታች ድረስ አካፈለለት፦ 2772467639።

ምንም አልቀረም።