ሽታው ጠፋ ሲባል

ለዶሮ መኖ የሚፈጨውን ዓሣ የሚያመጡ ጀልባዎች በረዶ አይጭኑም። ለመኖ ማን በረዶ ያባክናል? ስለዚህ ዓሣው ከጀልባዋ ወለል በታች ባለው ጎተራ ሲበሰብስ ሰንብቶ እዚህ የጃቫ ጠረፍ ላይ ያለው ወደባችን ይደርሳል። ክዳኑ ሲነሳ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚከረፋው ሽታ ገበያው ድረስ ይሄዳል። ያን ጊዜ ሁሉም ፓክ ታርሶኖን ይጠብቃል።

ፓክ ታርሶኖ የጀልባዋ አለቃ ናቸው፤ «ፓክ» እኛ ዘንድ «አባባ» እንደማለት ነው። አርባ ዓመት ባሕር ላይ ኖረዋል። ጎተራው አፍ ላይ ጎንበስ ብለው ያሸታሉ፤ የቅርንፉድ ሲጋራቸውን ያጨሳሉ፤ ደግመው ያሸታሉ። «ሽታው ጠፍቷል፣ ውረዱ» ሲሉ ሠራተኛው ይወርዳል። የወደቡ ሕግ ይኸው ነው፦ ከሸተተ ጠብቅ፣ ካልሸተተ ውረድ።

ሕጉ ገዳይ ነው። እኔ በወደቡ የዓሣ ጥራት መመርመሪያ ውስጥ እሠራለሁ፤ የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው። ከበሰበሰ ዓሣ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሲበረታ የማሽተት ነርቭን ያደነዝዛል። ሽታው የሚጠፋው ጋዙ ስለወጣ ሳይሆን አፍንጫ ሥራውን ስላቆመ ሊሆን ይችላል። ይህን ለሠራተኞቹ ነግሬ ከእርሳስ ማዕድን በተሠራ ጨው የተነከሩ ነጭ የወረቀት ቁራጮች አደልኳቸው። በገመድ ወደ ጎተራው ይወርዳሉ፤ ጋዙ ካለ ቡናማ፣ ከበዛ ጥቁር ይሆናሉ። ከዚህ የቀለለ ነገር የለም።

«ዩኒቨርሲቲ አፍንጫ ወስዶ ወረቀት ይሰጣል እንዴ?» አለ ጫኙ ዳሚሪ። ሁሉም ሳቁ።

«ሳቅ! ሬሳህን ግን እኔ አላወጣም» አልኩት።

«ልጄ» አሉ ፓክ ታርሶኖ፣ «ይህ አፍንጫ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ሰው ሲያወርድና ሲያወጣ ኖሯል።»

በወሩ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የእህቴ ባል ዋስቶ የሚወርድበት ተራ ነበር። እኔው ራሴ ወረቀት አወረድኩ። ስስበው ጠቁሯል።

«የዓሣ ውኃ ነክቶት ነው» አሉ ፓክ። «ቆሽሿል፣ ሌላ ምን ሆነ?»

«አልቆሸሸም! ጋዙ ነው! እኔን አሁንም ይሸተኛል!»

እሳቸው ግን ቀና ሳይሉ አንድ ሰዓት ሙሉ እዚያ ጎተራ አፍ ላይ አጎንብሰዋል። አፍንጫቸው ደንዝዞ ምን ሊሸታቸው?

«አንቺንማ ዓሣ ሁሉ ይሸትሻል» አሉ። ሳቁ። ዓሣውን ሊጭን የመጣው የመኖ ነጋዴ መኪና ጡሩንባውን ነፋ።

«ኪናሲ፣ ተይን እስቲ፤ እህትሽ ምሳ ይዛ እየጠበቀችኝ ነው» አለ ዋስቶና መሰላሉን ያዘ። እጁን ያዝኩት፤ አስለቀቀኝ። የመሰላሉ የታችኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ የያዘው የዓሣ ቅርጫት ከእጁ ወደቀ። ከዚያ እሱ ወደቀ። ድምፅ እንኳን አላሰማም።

ዳሚሪ «ዋስቶ!» ብሎ ዘለለ። ለመሳቅ የፈጠነው ሰው ለማዳንም ፈጠነ፤ ስለ ራሱ አላሰበም። ራሱን ዞሮት ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ሄዶ ዓሣው ላይ በፊቱ ተደፋ።

ፓክ ታርሶኖም እግራቸውን መሰላሉ ላይ አደረጉ። ሸሚዛቸውን ጨምድጄ ያዝኩ።

«ልቀቂኝ! ልጆቼ ናቸው!»

«ሦስተኛ ሬሳ ሊሆኑ ነው? ቬንትሌተሩን አምጡ!»

ቬንትሌተሩ፣ አየር የሚነፋው ማሽን፣ በረዶ ቤቱ ደጃፍ ሁለት ዓመት አቧራ ሲጠጣ ነበር። ዋስቶ መሰላሉ ሥር ስለወደቀ፣ በቅርጫት መሳቢያው ረጅም ሜንጦ ቀበቶውን ይዘን ጎትተን አወጣነው፤ ተነፈሰ። ዳሚሪ ግን ራቅ ብሎ ነበር። አየሩ ተነፍቶ እስክንደርስበት በሕይወት አልቆየም። ሬሳውን ከሳቡት አንዷ እኔ ነበርኩ።

በዳሚሪ የሰባተኛ ቀን ጸሎት ላይ ሰው ሁሉ «ቀኑ ደርሶ ነው» ይል ጀመር። ደሜ ፈላ፤ ልናገር ስነሳ ፓክ ታርሶኖ ቀደሙኝ።

«ቀኑ አልደረሰም» አሉ። «ያወረድኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱ ጠቁሮ አይቻለሁ። ቆሽሿል አልኩ።»

የዳሚሪ እናት ፊቷን አዞረች። ማንም «ተዉ፣ አይዞዎት» አላላቸውም። እኔም አላልኩም፤ እውነት ነበር የተናገሩት።

አሁን በዚያች ጀልባ ቬንትሌተሩ ሳይነፋ፣ ወረቀቱም ወርዶ ነጭ ሆኖ ሳይመለስ የሚወርድ የለም። በቅርቡ አንድ አዲስ ሠራተኛ «ፓክ፣ አፍንጫዎ ጡረታ ወጣ እንዴ?» ሲል ሰማሁት።

«ዳሚሪን የገደለው እሱ ነው» አሉት፣ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሱ።

እናንተም ጎተራ አላችሁ፤ የውኃ ጉድጓድ፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ፣ የተዘጋ ታንከር። መለኪያ ሳይገባበት፣ አየር ሳይነፋበት አትውረዱ። ሰው ወድቆ ብታዩ ተከትላችሁ አትዝለሉ። የጠቆረ ወረቀት እያያችሁ «ቆሽሿል» ካላችሁ ግን በቀብሩ ላይ «ቀኑ ደርሶ ነው» ብላችሁ አታመካኙ።