እሳት የማያሻቸው ጥንቸሎች

ብርነሽ የጥንቸሎቹን ቤት በር ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው እግር ነው። ነጭ ካልሲ ያጠለቀ፣ ጣቱ ወደ ላይ የቆመ እግር። ይዛው የመጣችው የጎመን ቅጠል ከእጇ ወደቀ። ለመጮኽ አፏን ብትከፍትም ከታኅሣሥ ማለዳ ጋር የሚመሳሰል ነጭ ትንፋሽ ብቻ ወጣ።

ሐጂ አብዱልመናን ጭዱ ላይ በጀርባቸው ተንጋለዋል። ጋቢያቸው እስከ አገጫቸው ደርሷል። ፊታቸው እንደ ሬሳ አልገረጣም፤ ገና ከሰርግ ቤት እንደወጣ ሰው ቀልቷል። ብርነሽን ከሁሉ በላይ ያስፈራት ይህ መቅላት ነው። ከራስጌያቸው የእሷው የከሰል ምድጃ ተቀምጧል፤ አመዱ በርዷል። ብቸኛዋ የግድግዳ ቀዳዳ በጆንያ ተጠቅጥቃለች። ሰባቱ ጥንቸሎች ዙሪያውን ቁጭ ብለው፣ አፍንጫቸውን እያርገበገቡ ያዩዋታል። ነጯ ሐጂ ደረት ላይ ወጥታ የጋቢውን ጥለት ታኝካለች።

ያን ጊዜ ነው ጩኸቱ የመጣላት።

ብርነሽ ከጭልጋ ወደ ደባርቅ መጥታ በዚህ ቤት መሥራት ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ፊደል አልቆጠረችም፤ በዚህም አታፍርም፣ የቆጠሩት ሲዋሹ አይታለችና። ጥንቸሎቹ የመጡ ዕለት ንቃቸው ነበር። የማይታለብ፣ ማንም የማይበላው፣ ሌባ ቢመጣ የማይጮኽ ፍጥረት ምን ይሠራል? ሐጂ ግን ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከሰው ይልቅ ከነሱ ጋር ይጫወቱ ነበር። እሷም ሳታስበው ለመደቻቸው።

ፖሊስ ሲመጣ ጎረቤቱ ሁሉ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ኮንስታብል ጌቾ ገና ጢም የሚለማመድ ልጅ ነው። ምድጃውን አየ፣ ሬሳውን አየ፣ ወደ ብርነሽ ዞረ።

«ምድጃው የማን ነው?»

«የኔ ነው።»

«ትናንት ማን አቀጣጠለው?»

«እኔ ነኛ! ወጥ ሠርቼበት ፍሙን እንደ ሁልጊዜው በረንዳ ላይ አውጥቼ ተኛሁ።»

«ጥንቸሎቹ በረዳቸው ብለሽ አስገባሽው። ሐጂ ሊያዩዋቸው ገብተው ታፈኑ። አለቀ።»

«አላስገባሁም አልኩህ እኮ!»

«ሰው ሞቷል፣ እማማ። ‹አላስገባሁም› ማለት አያስነሣውም።»

አንድ ገጽ ሞልቶ ጻፈና የጣት አሻራውን ቀለም ከፈተ። «ጣትሽን እዚህ።»

ብርነሽ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ቀበረች። «የጻፍከውን አንብብልኝ።»

«በኋላ ይነበብልሻል።»

«እንግዲያው ጣቴም በኋላ ይመጣልሃል።»

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ማድ ቤት ገብታ ዱካ ላይ ወደቀች። እስር ቤት። በስድሳ ዓመቷ፣ ጭልጋ ያሉ ወንድሞቿ ሰው ገዳይ ሊሏት። በሩ ሲጨልም ቀና አለች፤ ጀማሉዲን ነው።

ጀማሉዲን የሐጂ አማች ነው፣ የሳንጃ ቆላ ሰሊጥ ነጋዴ። ሚስቱ ዙህራ ከአራት ወር በፊት የተሰበረ ክንዷን ታቅፋ ወደ አባቷ ቤት ሸሽታለች። እሱ «ልታረቅ» ብሎ ከትናንት በስቲያ መጣ። ሽማግሌዎች እሑድ ሊቀመጡ ቀጠሮ ተይዟል። ደባርቅን በብርድ ወራት ረግጧት አያውቅም ነበርና ካፖርቱን ለብሶ ነው የሚያድር።

«እትዬ ብርነሽ፣ ምነው ራስሽን ታስጨንቂያለሽ?» ድምፁ እንደ ቅቤ ለስላሳ ነው። «ጣትሽን አኑሪ። ለእንስሳ አዝና ተሳሳተች ይባላል፤ ብትታሰሪም ትንሽ ጊዜ ነው። እምቢ ካልሽ ግን ሆን ብላ ገደለች ይሉሻል። ያኔ ከዚያ የምትወጪው በሳጥን ነው።»

ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። እጁ ሲነካት ገላዋ ተሸማቀቀ።

«ጀናዛው ለዙሁር፣ ለቀትሩ ሶላት መድረስ አለበት። በሃይማኖታችን ሬሳ አይቆይም። ሦስቱ የሐዘን ቀን እንዳለፈ እኔም ዙህራን ይዤ እወርዳለሁ። ከባሏ ሌላ አሁን ማን አላት?»

ፈገግ ብሎ ወጣ። ብርነሽ ተነሥታ በሩን ከውስጥ ቀረቀረች።

ኢንስፔክተር ባምላክ የደረሰው ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። አጭር፣ ጉንፋን የያዘው፣ አፍንጫውን በመሐረብ የሚጠርግ ሰው። ብርነሽ ስታየው ተስፋዋ ተቆረጠ፤ ለራሱ ንፍጥ ያልበቃ ለሰው ይበቃል ብላ አላሰበችም። ቢሆንም በሩ ላይ ቆማ ትከታተለው ጀመር።

ባምላክ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከ። የሐጂን ፊት አየ። የካልሲያቸውን ሥር አገላብጦ አየ። ምድጃውን ብድግ አድርጎ ከሥሩ ያለውን ጭድ በጣቱ ፈተሸ። ከዚያ ተነሥቶ ጥንቸሎቹን ትክ ብሎ ተመለከተ፤ ሰው ከሬሳ ይልቅ ጥንቸል ሲያይ ቢቆይ የጤና አይመስልም።

«ጌታዬ፣ ጥንቸሎቹን ነው የሚመረምሩት?» አለ ጌቾ እየሳቀ።

«ቁጠራቸው።»

«ሰባት ናቸው።»

«የሞተ አለ?»

«የለም።»

«ይህንንም ጻፈው። ጽሑፍ ትወዳለህ መሰለኝ።»

ከዚያ ወደ ብርነሽ መጣ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በዚህ ውርጭ ጥንቸል እሳት ይፈልጋል?»

የሚያሾፍባት መሰላት። «ልታስረኝ ከሆነ እሰረኝ፣ አትቀልድብኝ!»

«አልቀለድኩም። ይንገሩኝ።»

«አያ ሐጂ ይሉት የነበረውን ነው የምነግርህ። ጥንቸል ካፖርቱን ለብሶ ነው የተፈጠረ። ብርድ አይገድለውም፤ የሚገድለው እርጥበትና ነፋስ ነው። ደረቅ ጭድ በብዛት ታነጥፍለታለህ፣ ነፋሱን በግድግዳ ትከልልለታለህ፣ ውሃው ውርጭ እንዳይመታው ጧት ጧት ትለውጥለታለህ። በቃ። እሳት ብታስገባበት ይታመማል እንጂ አይሞቀውም። ለራሳቸውስ መኝታ ቤት ቢሆን መቼ ከሰል አስገብተው ያውቃሉ?»

«ቀዳዳዋስ?»

«አትደፈንም! አየር ከሌለ ሽንታቸው አፍኖ ይጨርሳቸዋል። ያን ጆንያ እኔ አልወተፍኩትም።»

ባምላክ ቀጥሎ ሳሎን ገባ፤ እሷም ውሃ የምታቀርብ መስላ ተከተለችው። የሐጂ የወንድም ልጅ ኢምራን ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ የሚማር ነው፤ ከጎንደር ሊጠይቃቸው መጥቶ ነው ይህ የወረደበት። ዓይኑን ከወለሉ ላይ አያነሣም።

«ትናንት ከአጎትህ ጋር ተጨቃጭቃችኋል አሉ።»

«በጥንቸሎቹ ነው» አለ ኢምራን፣ እየተንተባተበ። «አምፖል እንስቀልላቸው ብዬ ነበር። ስልክ ላይ አንብቤ...»

«እሳቸውስ?»

«ሳቁብኝ። ‹ስልክህ ደባርቅ አድሮ ያውቃል?› አሉኝ።» ሊስቅ ሲል እንባው ቀደመው።

ዙህራ የተጠየቀችው ግድግዳ ተደግፋ ነው። ለጥንቸሎቹ እሳት ገብቶ ያውቅ እንደሆነ ሲጠይቃት ራሷን ነቀነቀች። «አባባ ያን ቢያይ ቤቱን ይገለብጠው ነበር» አለች። ማታ ምን እንደሰማች ሲጠይቃት ባሏን ሰርቃ አየችና «በሬን ከውስጥ ቆልፌ ነው የማድር» አለች።

ጀማሉዲን ግን አፉ አልተያዘም።

«ጥንቸሎቹ እሳት ይፈልጋሉ ወይ?» አለው ባምላክ።

«እንዴታ! ይህ ብርድ እኔን ሊገድለኝ አይደል? ያች እፍኝ የምታህል እንስሳ ውጭ አድራ እንዴት ትተርፋለች? ሐጂ ሁልጊዜ እሳት ያስገቡላቸው ነበር። ደግ ሰው ነበሩ።»

ብርነሽ አፏን ልትከፍት ስትል ባምላክ በዓይኑ አስቆማት። ዘወር ብሎ «እማማ፣ የሐጂን ክፍል ያሳዩኝ» አላት።

ወደ ሐጂ ክፍል የሚገባው በእንግዳው ክፍል በኩል ብቻ ነው። እንግዳው ክፍል ውስጥ የጀማሉዲን ፍራሽ ተዘርግቷል። ብርነሽ አልፋ ገባችና ቆመች። አንድ ነገር ቅር አላት፤ ምን እንደሆነ እስክታውቀው ጊዜ ወሰደባት።

«መስገጃው» አለች። «አያ ሐጂ ሰግደው ሲያበቁ አጥፈው ወንበሩ ላይ ነው የሚያኖሩት። ደግሞ እንዲህ አይዘረጋም። እሳቸው የሚሰግዱት ወደዚህ ነው፤ ይህ የዞረው ወደ ቁም ሣጥኑ ነው። ክርስቲያን ብሆንም ሃያ ሁለት ዓመት አይቻለሁ።»

ባምላክ የመስገጃውን ጫፍ አነሣ። ከሥሩ ፕላስቲክ ምንጣፉ ሦስት ቦታ ቀልጦ ተቋጥሯል። ሦስቱ ነጥቦች አንድ ምድጃ የሚቆምባቸው እግሮች ያህል ይራራቃሉ።

ብርነሽ የሆነው ገባት። ከኋላዋ እንግዳው ክፍል ውስጥ ወለሉ ሲንቋቋ ሰማች። ዞራ ለማየት አልደፈረችም።

ለዙሁር ሶላት ግማሽ ሰዓት ሲቀር ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። ውጭ ለጀናዛው የመጣው ሰው ይጠባበቃል፤ ሽማግሌዎቹ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ጌቾ በሩ ላይ ቆሟል። ብርነሽ ጥግ ላይ ተቀምጣ መዳፏን በጉልበቷ መሐል ጨብጣለች።

«አልዘገይባችሁም» አለ ባምላክ፣ አፍንጫውን እየጠረገ። «ሐጂን የገደላቸው የከሰል መርዝ ነው። ፊታቸው ይናገራል፤ እንዲህ የሚያቀላ እሱ ነው። ሐኪምም ያረጋግጠዋል። ጥያቄው የት ታፈኑ የሚለው ነው።»

«የት ይሆናል፣ ጥንቸሎቹ ቤት ነዋ!» አለ ጀማሉዲን።

«በሩ ተዘግቶ፣ ቀዳዳው ተደፍኖ፣ አንድ ሙሉ ሰው የገደለ አየር ሰባት ጥንቸሎችን አንዷን እንኳ ሳያስነጥስ ትቷቸዋል? በአንድ ክፍል፣ በአንድ አየር? ነጯ ደረታቸው ላይ ሆና ጋቢ ትበላ ነበር።»

ጌቾ አንገቱን ደፋ።

«ሁለተኛ፣ ምድጃው የቆመው ደረቅ ጭድ ላይ ነው። የጋለ ቢሆን ጭዱ ይጠቁር፣ ምናልባትም ቤቱ ይነድ ነበር። አንዲት ዘለላ እንኳ አልጠየመችም። ስለዚህ ምድጃው እዚያ የገባው ከበረደ በኋላ ነው። ሦስተኛ፣ ግቢው በውርጭ ረጥቧል። የሐጂ ካልሲ ሥሩ ንጹሕ ነው፤ ጫማቸውም አልጋቸው ሥር ነው። በእግራቸው አልሄዱም፤ ሰው ተሸክሟቸዋል።»

ዙህራ ሻሿን አፏ ላይ አፈነች።

«የሞቱት መኝታቸው ላይ ነው፤ ተኝተው ሳሉ በረንዳ ላይ የነበረው ፍም ገብቶ አጠገባቸው ተቀምጧል። ምንጣፉ ቀልጦ አግኝተነዋል፤ በላዩም መስገጃ ተዘርግቶበታል፣ ሐጂ በሕይወታቸው ሰግደውበት በማያውቁት አቅጣጫ። እዚያ ክፍል ለመግባት ደግሞ የግድ በእንግዳው ፍራሽ አጠገብ ማለፍ አለ።»

«ሌላ ሰውም ያልፋል!» አለ ጀማሉዲን። «ኢምራን ትናንት ተጣልቷቸው ነበር!»

«አዎ፣ ተጣልቷል። ስለዚህም እሱ አይደለም። ኢምራን ጥንቸሎቹ ይሙቁ ብሎ ተከራክሮ የተረታ ነው፤ አጎቱ እሳት እንደማያስገቡ ከማንም በላይ ያውቃል። ዙህራም ታውቃለች። እማማ ብርነሽም ታውቃለች። ከነዚህ አንዱ ቢገድል ‹ሐጂ ጥንቸል ሊያሞቁ ገብተው ሞቱ› የሚል ተረት በዚህ ቤት ማንም እንደማያምነው ያውቅ ነበር። ይህን ተረት የሚፈጥረው ከቆላ መጥቶ፣ ለራሱ በርዶት፣ እንስሳውም እንደሱ የሚንቀጠቀጥ የመሰለው ሰው ብቻ ነው። ጀማሉዲን፣ ሐጂ ሁልጊዜ እሳት ያስገቡ ነበር ያልከኝ አንተ ብቻ ነህ።»

«ምነው፣ አላህን አትፈሩም? ልታረቅ የመጣሁ ሰው ነኝ!»

«እሑድ ሽማግሌ ፊት ሐጂ የልጃቸውን ክንድ ማን እንደሰበረው በአፋቸው ሊናገሩ ነበር። ልጄን አልመልስም እንዳሉህም ሽማግሌዎቹ ነግረውኛል። እሳቸው ከሌሉ የሚቆምላት እንደማይኖር ቆጠርክ። ደግሞም እስኪቀበሩ ተቻኮልክ፤ ፊታቸውን ሐኪም እንዳያይ።»

ጀማሉዲን ቀስ ብሎ ተነሣ። ለባምላክ አልመለሰም። የሚያየው ዙህራን ነው።

«ተነሺ» አላት፣ በዚያው በለስላሳ ድምፁ። «እንሂድ።»

ዙህራ በልማድ ብድግ አለች። ብርነሽ ያን ስታይ ፍርሃቷ የት እንደገባ አታውቅም፤ ዘላ መሐላቸው ቆመች።

«የት ነው የምትሄደው? አባቷን ገድለህ ልጅቱን ልትጨምር? እኔን በሳጥን ልታስወጣኝ ፈልገህ ነበር፤ ና እስቲ ሞክረኝ!»

እጁ ሲነሣ አየች። ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ጌቾና ባምላክ ግድግዳው ላይ አጣብቀውት ካቴናው ቀጭ ብሏል።

«አልሄድም» አለች ዙህራ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ። ደግማም አለችው።

ሲያወጡት ጀማሉዲን ብርድ ብርድ አለኝ፣ ካፖርቴን አምጡልኝ ይል ነበር። ማንም አላመጣለትም።

ባምላክ በረንዳው ላይ ወደ ብርነሽ መጣ። «ነጻ ነዎት፣ እማማ። ወደ ጭልጋ ልሂድ ቢሉም የሚከለክልዎ የለም።»

«ድሮስ ምን አድርጌ ነው ነጻ የምታወጣኝ?» አለችው። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለጉንፋንህ ዝንጅብል ልቀቅልልህ?» አለች።

ሐጂ ሐኪም አይቷቸው በማግስቱ ተቀበሩ። ጎረቤቱም፣ በመጀመሪያው ቀን አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ገዳይ ሲላት የነበረው ሁሉ፣ ማታ ምግብ ይዞ መጣ። ብርነሽ አንድ በአንድ ዓይን ዓይናቸውን እያየች ሰሐኑን ተቀበለች። አንድም «እግዜር ይስጥልኝ» ከአፏ አልወጣም።

ሰው ሲበተን ዙህራ ከክፍሏ ብቅ አለች። «እትዬ፣ አንቺ ጋ ልተኛ?»

«ነይ» አለች ብርነሽ፣ መደቧን እያሰፋችላት። «እኔ ፈርቼ እንዳይመስልሽ። አንቺ እንዳትፈሪ ብዬ ነው።»

ዙህራ አጠገቧ ጋደም አለች። የአሮጊቷ እጅ ደህናውን ክንዷን አንቆ ይዞታል፤ እስኪነጋም አልለቀቃትም።