ሰማያዊዋ ወይስ ግራጫዋ

«ለማንም አልናገርም በይ። ወላሂ በይ!» አለች ሱንዱስ የጀናንን ክንድ ጨብጣ።

«ወላሂ» አለች ጀናን ሳታስበው።

ሁለቱ የክፍል ጓደኛሞች ሲ.ኤም.ሲ፣ የእነ ሱንዱስ ግቢ ጥግ ላይ ቆመዋል። ፊት ለፊታቸው ሁለት ትናንሽ የአሉሚኒየም ሞተር ጀልባዎች በብረት እግር ላይ ተቀምጠዋል። የሱንዱስ አባት ጋሽ ሀሚድ ሊሸጧቸው ነው። የጀናን አባት ነጅመዲን ደግሞ አንዷን ሊገዛ መጥቷል። ሚኒባስ መንዳት ሰልችቶታል፤ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ሰው እያንሸራሸረ መኖር ነው ሕልሙ።

«ሰማያዊዋ ሆዷ ተሰንጥቋል» አለች ሱንዱስ በሹክሹክታ። «ላንጋኖ የሄድን ጊዜ ወንድሜ ሰዳም ተደብቆ ይዟት ወጥቶ ከድንጋይ ጋር አጋጫት። በማጣበቂያ ደፍኖ ቀለም ቀባት። አባዬ ካወቀ ከቤት ነው የሚያባርረው። አንቺ አባትሽን ወደ ግራጫዋ ግፊው፤ በቃ፣ አለቀ።»

ጀናን ሞከረች። «አባዬ፣ ግራጫዋ ሰፋ ትላለች። ብዙም የምትወዛወዝ አትመስልም።»

«እሷ ለዓሣ ማጥመጃ ናት» አለ ነጅመዲን የሰማያዊዋን ነጫጭ ወንበሮች እየዳበሰ። «ሊዝናና የመጣ ሰው እዚያ ላይ ይቀመጣል? ይቺን እያት እስቲ! የመጀመሪያ ተሳፋሪዎቼ አንቺና እናትሽ ናችሁ።»

ጀናን ነጫጮቹን ወንበሮች አየች። እናቷ ዋና አትችልም። አባቷም አይችልም። ደግሞስ ግራጫዋን ቢገዛ? ሰማያዊዋን ሌላ ሰው መጥቶ ይወስዳታል። እሱም ልጆቹን ይጭንባታል።

«እንግዲህ ነጅሙ፣ እጅህን ስጠኝ» አሉ ጋሽ ሀሚድ። አባቷ እየሳቀ እጁን ዘረጋ።

ሱንዱስ ከወዲያ በዓይኗ ትለምናታለች።

«ጋሽ ሀሚድ…» አለች ጀናን። «በመኪና ማጠቢያው ጎማ ውሃ ብንሞላባት ምን ይመስልዎታል? የምታፈስ ከሆነ ከሥር ይታያል።»

ጋሽ ሀሚድ ሳቁ። «ልጅህ መርማሪ ወጥቷታል! ሙዪ የኔ ልጅ፣ ምን ችግር አለው?»

ውሃው ጀልባዋ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ። በመጀመሪያ ከጀልባዋ ሆድ ጠብ አለ፤ ከዚያ እንደ ክር ቀጥኖ ይወርድ ጀመር። ጋሽ ሀሚድ አጎንብሰው ቀለሙን በጥፍራቸው ሲፍቁት፣ የደረቀው ማጣበቂያ ተላቆ መዳፋቸው ላይ ቀረ። ሳቃቸው ጠፋ።

«ሰዳም!» እያሉ ወደ ቤት ገቡ።

ነጅመዲን የሚፈሰውን ውሃ፣ ቀጥሎም ልጁን አየ። «እንዴት አወቅሽ?»

ጀናን ሄዳ የውሃውን ቧንቧ ዘጋች።

«እሺ» አለ አባቷ። «ግራጫዋን ሌላ ቀን መጥተን እናያለን። እሷንም ውሃ ሞልተን ነው። ነይ እንሂድ።»

የጋሽ ሀሚድ ጩኸት እስከ ግቢው ድረስ ይሰማል። ሱንዱስ ደረጃው ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ቀና አላለችም።

«አባዬ፣ አንተ ቅደም» አለች ጀናን። « እኔ በታክሲ እመጣለሁ።»

«እስከ የካ አባዶ ብቻሽን?»

«እመጣለሁ።»

ጀናን ሄዳ ከሱንዱስ ጎን ተቀመጠች። ሱንዱስ አልተጠጋችላትም።

«ሂጂልኝ» አለቻት ፊቷን ሳታዞር።

ጀናን አልተነሳችም።