ከክርን በላይ

የሹሙ ልጅ ሱዋሌ የሴቶቹን ገንዳ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ለወጥ የምንለቅምበትን የድንጋይ ጉድጓድ፣ በብረት ዘንግ ሲፈነቅል ዓመታት አለፉ። የባሕር አበቦቹን ከድንጋዩ ይነቅላል፤ በመሐላቸው የሚኖሩትን ነጭ ቀበቶ የታጠቁ ዓሦችም ጨምሮ በበርሜል ከነሕይወታቸው ይሸጣል። አበባ እንላቸዋለን እንጂ የሚናደፉ እንስሳት ናቸው። ለአባቱ በተናገርኩ ቁጥር «ዓሣ ዓሣ ነው፣ ሙዋናሻ፤ ወደ ምድጃሽ ሂጂ» ይለኛል።

አንድ ቀን ጠዋት ሱዋሌ የእህቴን የዛኪያን ሬሳ በጀልባው ይዞ መጣ።

«ከጥልቁ አፋፍ ነው ያገኘኋት። ባሕር ወሰዳት» አለ።

ሹሙ ከቀትር ሶላት በኋላ ትቀበር አለ። አንዴ ከተቀበረች ማን ይጠይቃል? ፖሊስ አስጠራሁና በሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ቃሬዛው የሚወጣው እኔን ረግጦ ነው!»

መርማሪ ዙልፋ ከፔምባ ከተማ አንድ ፖሊስ አስከትላ በሞተር ሳይክል ደረሰች። ቀጭን ናት፤ ወንበር ሲሰጧት እንኳ አልተቀመጠችም። የእህቴን ባል ቻሌን አስቀደመች።

«ትናንት ተጣልታችኋል አሉ።»

«ወጡ ጨው በዛበት ብዬ ነው! በጨው ሰው ይገደላል እንዴ?»

ጎረቤታችን አቲጃ ቀጠለች። «ዛሬ ጎህ ሲቀድ ወደ ገንዳው አብረን ወርደን ነበር፣ እቴ። እኔ ቀድሜ ተመለስኩ፤ እሷ ገንዳውን ልጠብቅ ብላ ቀረች።»

«ከማን ነው የምትጠብቀው?»

አቲጃ ሹሙን አየችና አንገቷን ደፋች።

ሱዋሌ ግን አልተጠየቀም፤ ራሱ ተናገረ። «እኔ ዛሬ ገንዳው ጋ ድርሽ አላልኩም!»

ዙልፋ ከሬሳው የወለቀውን እርጥብ ሽርጥ አንስታ ቋጠሮውን ፈታች። ጥፍር የምታህል፣ ቀይ ነጠብጣብ ያለባት ሸርጣን መዳፏ ላይ ወጣች።

«ይቺ የት ነው የምትኖረው?»

«አበባው ላይ» አለ ቻሌ። «ከዚያ አትለይም።»

«ጥልቁ አፋፍ ላይ አበባ አለ?»

«አሸዋ ብቻ ነው።»

ያኔ ሁላችንንም ቃሬዛው ዙሪያ አቆመችን።

«ዛኪያ የሞተችው ገንዳው ውስጥ ነው። ውኃው ከጉልበት አያልፍም፤ ዋና የምታውቅ ሴት ብቻዋን አትሰምጥበትም። ሰው ተጭኗታል። የተጫናት ሰው አበቦቹ ነድፈውታል። እጅጌያችሁን ሰብስቡ።»

ቻሌ ንጹሕ ነው። አቲጃም ንጹሕ። ሱዋሌ ሲያንገራግር ፖሊሱ ሸሚዙን ገፈፈው። ከክርኑ በላይ እስከ ትከሻው ቀልቶ ውኃ ቋጥሯል።

«ሥራዬ እኮ ነው! ሁሌም ይነድፉኛል!»

«ጓንት የለህም?»

ሹሙ ልጁን ያዳነ መስሎት ጣልቃ ገባ። «እስከ ክርኑ የሚደርስ ጓንት እኔው ገዝቼለታለሁ!»

«በዘንግ የሚነቅል ሰው ክንዱ እስከ ትከሻው አይነከርም፣ አባባ። የሚነከረው የሚታገለውን ነገር ወደ ታች ሲጫን ነው። ደግሞስ ገንዳው ጋ ካልደረሰ ምን ነደፈው?»

ሱዋሌ ጮኸ። «ዘንጌን ያዘች! ልቀቂ ብላት እምቢ አለች!»

ሹሙ ፊት ቆምኩ። «አሁንስ? ዓሣ ዓሣ ነው?»



እህቴን ቀበርናት። ከዚያ የሱዋሌን መጋዘን ቁልፍ በዘነዘናዬ ሰበርኩ። ዙልፋ አየችኝ፤ አልከለከለችኝም። ከአቲጃ ጋር በርሜሎቹን ተሸክመን ገንዳው ውስጥ ደፋናቸው። አንዷ አበባ ድንጋዩን መያዝ አቃታት። እስክትይዝ ድረስ ተንበርክኬ በእጄ ደገፍኳት፤ ሁለቱ ዓሦቿ ጣቶቼን እየዞሩ ጠበቁ።

ክንዴ እስከ ትከሻዬ አብጧል። የሚጠይቀኝ ካለ እጅጌዬን ሰብስቤ አሳየዋለሁ።